ሁለቴ የሚመታው እጅ

መስከረም 12 ቀን 2002

እስክሪብቶው በልጄ በለይላ እጅ ነው። ቃሉ የኔ የቡሽራ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ይህንንም ጻፊ አልኳት። ጻፈች መሰለኝ።

ነገሩ የመጣው ከሐኪሙ ነው። ደም ብዛት አለብዎት፣ መጮህ ያቁሙ አለኝ። እንዴት ይቆማል? ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ጨረስኩ። ሞተር እየጮኸ ሰው ሹክ ይላል? ለይላ ደብተር ገዝታ መጣች። "አባ፣ መጮህ ባማረህ ቁጥር ለኔ ንገረኝ። እጽፈዋለሁ፣ ይወጣልሃል።" እሺ... እስኪ እናያለን።

ዛሬ የሚያስጮህ ነገር የለም። ጠዋት በሸዋ በር ወጣሁ። ወልደ ጊዮርጊስ ጋራዡን ከፍቶ፣ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ። ባለ ጋራዡ እሱ ነው፤ ከወጣትነታችን ጀምሮ አብረን ነን። እሱ ስለ ጨጓራው አወራ፣ እኔ ስለ ደሜ። ሪድዋን ፔጆዋ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ረገጥ አደረግኩት። "አው ቡሽራ፣ ደህና አደሩ?" አለ ከሥር፤ አው የኛ የሐረሮች ጋሼ ነው። ፊቴን ሳያይ! አረጋገጤን ያውቀዋል።

ሪድዋን የለይላ ባል ነው። የሸዋ በር ጋራዥ የውድድር ሹፌርም እሱ ነው። የሶፊን ዳገት ውድድር ሦስት ዓመት ተከታትሎ የወሰደ ሻምፒዮን። ይህን ሳስጽፍ እስክሪብቶ ያዢዋ ፈገግ ትላለች። ጻፊ!

መስከረም 15

"ታኮውን አስጽፈኝ" ትለኛለች። ለማን? ደብተሩ የኔ፣ ታኮውም የኔ፣ አውቀዋለሁ። "ስታረጅ ትረሳዋለህ" አለች። ከዚህ በላይ ላረጅ ነው?

እሺ። ውድድሩ ከሶፊ ተነስቶ ወደ ሐረር ሽቅብ ነው። አፈር መንገድ፣ ግራ ቀኙ የጫት ማሳ። መኪና አንድ በአንድ ይለቀቃል። ሰዓቱ ባንዲራው ሲወርድ ይጀምራል፤ ፈጥኖ የወጣ ወሰደ። መነሻው ራሱ ዳገት ላይ ነው። የኛ ፔጆ ደግሞ የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆየ። ወልዴ አያሠራውም። "ቢሠራማ ቡሽሬ ሥራ ይፈታል" ይላል። ስለዚህ እኔ የኋላ ጎማዋ ሥር ታኮ አደርጋለሁ። የወይራ እንጨት ነው፣ ገመድ አለው። ባንዲራው ሲወርድ ገመዱን እስብና የኋላ ላሜራዋን በመዳፌ ሁለቴ እመታለሁ። ጓ፣ ጓ። ሂድ ማለት ነው።

ረዳት ሁለቴ ካልመታ መኪና አይነሳም። በጅጅጋ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ያደግኩበት ሕግ ነው። ሪድዋንም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ባንዲራ አያይም። መነሻው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጣል። "ባንዲራው የርስዎ፣ ዳገቱ የኔ" አለኝ ገና በመጀመሪያው ዓመት። ሌሎቹ ሹፌሮች ሳቁብን። ይሳቁ... ዋንጫዎቹ የት ናቸው? ወልዴ መደርደሪያ ላይ።

መስከረም 21

አንድ ሰው ከድሬ መጣ። ከበደ ይባላል፣ የሴራሚክ ነጋዴ ነው። አዲስ የውድድር ቡድን አቋቁሟል፤ ቶዮታ አስመጥቷል። ነጭ፣ ጭረት የሌለባት። ጋራዣችን በር ላይ አቁሞ "ቡሽራ! እንዴት ነህ አቦ?" አለኝ። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። የድሬ ሰው የመቶ ዓመት ሽማግሌንም 'አንተ' ነው የሚለው፣ በዚህ አልቀየምም። የተቀየምኩት ሌላ ነው። ሪድዋን እጁን በቱታው ጠርጎ ቶዮታዋን ዞራት። በሩን ከፈተ። መሪዋን ነካ አደረገ፣ የሰው ሚስት የነካ ይመስል ቶሎ እጁን መለሰ።

ሰውየው ምን ፈልጎ ይሆን? ሸዋ በር ጋራዥ ውስጥ ሴራሚክ የሚገዛ የለም።

መስከረም 24

ሄደ። ሪድዋን ሄደ። ለድሬው ከበደ ሊነዳ።

ከዙህር በኋላ መጣ። ግቢያችን አንድ ነው፤ እኔ በዚህ በኩል፣ እሱና ለይላ በዚያ በኩል። ጫማውን አውልቆ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አው ቡሽራ፣ ከሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙ።"

ነገረኝ።

"ወልዴ ያውቃል?"

"ጠዋት ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው።"

"ምን አለ?"

"መርቀው ሸኙኝ።"

ወልዴ ቢመርቅ እኔ አልመረቅኩም። ባጃጅ ስትነዳ ማን አየህ አልኩት። ቁልፍ መያዝ ማን አስተማረህ? ሻምፒዮን ያደረገችህ ያቺ ፔጆ አይደለችም? ወጪት ሰባሪ አልኩት፣ የበላህበትን። ከሃዲ አልኩት። ሐኪሙ ይስማ፣ ጮህኩ! እሱ ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ወጣ።

ለይላ መጻፍ አቆመች።

"ከሃዲ ብለሽ ጻፊ።"

"ባሌ ነው፣ አባ።"

"ደብተሩ የኔ ነው።"

"እጁ ግን የኔ ነው።"

ጻፊ!... ጻፍኩ ትላለች። እኔ በምን አውቃለሁ?

መስከረም 25

ደሜ ከፍ ብሏል። ጨው ተከለከልኩ። በሪድዋን ጥፋት እኔ ጨው አልባ እበላለሁ።

ጥቅምት 5

ከሪድዋን ጋር አንነጋገርም። ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ "አሰላሙ አለይኩም" ይላል። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው። "ወአለይኩም ሰላም" እላለሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ። አላህ ይሰማኛል። ግድግዳውም ይሰማኛል። እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።

ወልዴ ፔጆዋን ለእህቱ ልጅ ለዘላለም ሰጠ። ታክሲ ነጂ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን አፉ አያርፍም። ዛሬ ዳገቱ ላይ ሞከርነው። ገመዱን ሳብኩ፣ ሁለቴ መታሁ። መኪናዋ አንዴ ዘላ ቆመች፤ ሞተሯ ጠፋ። ዘላለም ደረቱን ይዞ ወረደ።

"አው ቡሽራ፣ በሚወዱት ይዤዎታለሁ አይምቱት። ልቤ ነው የቆመው። ባንዲራውን እኔው አያለሁ።"

"ታዲያ የኔ ሥራ ምንድን ነው?"

"ታኮውን ይሳቡዋ።"

ወልዴ የሳለ መስሎ ሳቀ።

ታኮ ብቻ... እሺ። ታኮ ብቻ።

ጥቅምት 13

በርጫ ላይ ስለ ሪድዋን ብቻ ነው ወሬው። ግማሹ "ወጣት ነው፣ ዓለሙን ይይ" ይላል። ግማሹ "የሐረር ልጅ ለድሬ ይነዳል?" ይላል። ሁለቱም ወገን እኔን ያየኛል። ምን አውቄ? አማቹ ነኝ እንጂ መሪው አይደለሁ።

አንዱ ደፋር "ለገንዘብ ብሎ ሸጣችሁ" ብሎ ጀመረ። ጫቱን ከፊቱ አነሳሁበት። ሪድዋንን እኔ እሰድበዋለሁ። ሌላ ሰው አይሰድበውም።

ይህን ለይላ ሳታመነታ ጻፈችው። ፊደሏም ያማረ ይመስለኛል።

ጥቅምት 29

የመጀመሪያው ውድድር ነበር ዛሬ። በዓመት ሦስት አለ፤ ዋንጫው የሚሰጠው በመጨረሻው ነው።

ዘላለም አንደኛ ወጣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር...

የሪድዋን ተራ ደረሰ። ቶዮታዋ የእጅ ፍሬን አላት፣ ታኮ አትፈልግም። ከኋላዋ ማንም አልቆመም። ባንዲራው ወረደ። ሪድዋን አልተነሳም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሞተሩን እያዳመጠ ቁጭ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዱ "ተኛ እንዴ!" ሲል ሳቁ ተነሳ። የነቃው፣ ከበደ ሮጦ መስኮቱን ሲደበድብ ነው። መጨረሻ ወጣ።

ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። የጠበቀው እጄን ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ወላሂ ሳቅሁ። እሰይ አልኩ። ከዚያ መዳፌን አየሁት... ሲበላኝ ዋለ። ስንመለስ ለይላን ሴቶቹ መሐል አየኋት፣ የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች። ይህን አልጽፍም አለች። ጽፋዋለች።

ኅዳር 3

ከበደ ጋራዥ ድረስ መጣ። "ቡሽራ፣ ናልኝ። ከኋላው ቁምና ሁለቴ ምታለት። ሌላ ሥራ የለብህም።" ወልዴ አጠገቤ ጎማ ይነፋል። የሰማ አይመስልም፤ ጎማው ግን ሊፈነዳ ደርሷል።

"የኔ እጅ የሸዋ በር ነው" አልኩት።

"አቦ እጅ ነው እንጂ በር አይደለም!"

"የራስህን ሰው አስመታ።"

"አስመታሁ። 'የአው ቡሽራ ዓይነት አይደለም፣ ይሄ ድብደባ ነው' አለኝ።"

ልቤ ትንሽ ሞቀ። አላሳየሁትም። ሲሄድ ወልዴ የንፋሱን ቱቦ ነቀለና "ሄደህ ቢሆን ኖሮ ሻይ አላፈላልህም ነበር" አለ። ከዚህ የበለጠ ፍቅር ከወልዴ አይወጣም። አርባ ዓመት ሞክሬያለሁ።

ኅዳር 18

አረፋ ነው። ከሶላት ስመለስ ሪድዋን ደጄ ላይ ቆሟል። በዒድ ቀን ሰው አይመለስም። ጉልበቴን ሳመ። ገብቶ ተቀመጠ። ለይላ ሥጋውን አቀረበች፤ የሱን በጨው፣ የኔን ያለ ጨው።

እጃችንን ታጠብን። እሱ ጀመረ።

"አንድ ነገር ልንገርዎትና ከዚያ ይሳደቡ።"

"ስድቤን ጨርሻለሁ።"

"አልጨረሰም" አለች ለይላ።

"ሦስት ዓመት ወሰድኩ። ያንኑ ዳገት፣ በዚያችው ፔጆ፣ ከኋላዬ እርስዎ። ሰዉ ሻምፒዮን ይለኛል። እኔ ግን አላውቅም፣ አው ቡሽራ። እኔ ነኝ ወይስ መኪናዋ ናት? እኔ ነኝ ወይስ የርስዎ እጅ ነው? ዋንጫውን ካመጣሁ ከበደ አዲስ አበባ ውድድር ይልከኛል። እዚያ ማን ይመታልኛል?"

"ባንዲራ ማየት አቅቶህ ነው አዲስ አበባ?"

"አቅቶኛል" አለ። እንዲሁ በቀላሉ። "ዓይኔን ስከፍት ሞተሩ ይጠፋብኛል።"

እኔም ረዳት ሳለሁ መሪ መያዝ ያምረኝ ነበር። አንድ ሌላ ባለ መኪና ና ንዳልኝ ብሎኝ ጌታዬን ትቼ አልሄድኩም። ታማኝ ነው ተባልኩ። እስከ ዛሬ ታማኝ ነው ይሉኛል... ታማኝ ነበርኩ ወይስ ፈራሁ? ይህን አትጻፊ። የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማኛል፣ ለይላ።

"ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አልኩት።

ጥር 16

ሁለተኛው ውድድር። ሪድዋን ዛሬ ዓይኑን ከፍቶ ተቀመጠ። አንገቱ ተገትሯል። ባንዲራው ሳይወርድ ሄደ! ፊሽካ ተነፋ፣ ውድቅ ተደረገ። ያኔ ዘገየ፣ አሁን ቀደመ።

ከበደ በሰው ፊት "በመጨረሻው ካልወሰድክ ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ!" ብሎ ጮኸበት። ከበደም ደም ብዛት ሳይኖርበት አይቀርም።

እንግዲህ ምን ይሆናል? የኛ ወንበር የዘላለም ነው። የድሬውም ሊወሰድበት ነው። ወልዴን "ቢመለስ ትቀበለዋለህ?" አልኩት። አሰበ። "ሻይ አጠጣዋለሁ" አለ። "መኪናዋን ግን ከዘላለም አልነጥቅም። ዘላለምም ሰው ነው፣ ቡሽሬ።" ልክ ነው። ወልዴን የምወደው ለዚህ ነው። የሚያናድደኝም ለዚሁ ነው።

ጥር 28

ጉድ አየሁ። ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በመስኮት። ሪድዋን ግቢው መሐል ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። እጁ የሌለ መሪ ይዟል፣ እግሩ የሌለ ፍሪሲዮን ይረግጣል። በአፉ ሞተር ያስጮሃል። ለይላ ከወዲያ ጥግ ቀይ ሻሿን ወደ ላይ ይዛለች። ትጥለዋለች፤ እሱ "ሄድኩ!" ይላል። አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይቀድማል። ትልቅ ሰው! ሻምፒዮን! ጀሪካን ላይ!

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ ጥፋቱን አየሁት። የሚያየው ሻሹን ነው። ጨርቅ ያየ ይዘገያል፣ የጨርቁን መውደቅ የገመተ ይቀድማል። መታየት ያለበት የእጅ አንጓ ነው። ጨርቁ ከመውደቁ በፊት አንጓ ይላላል። እኔ ባንዲራ አይቼ አላውቅም፤ የባንዲራ ያዡን አንጓ ነው የማየው። ለማንም ነግሬ አላውቅም። የጠየቀኝ የለማ።

"አንጓዋን እይ!" ብዬ በመስኮት ጮህኩ። "ጨርቁ ምን ያደርግልሃል!"

ሪድዋን ከጀሪካኑ ሊወድቅ ነበር።

"እንዴት አሉ?"

"አንጓዋን! ከመጣሏ በፊት ይላላል።" መስኮቱን ዘጋሁ።

ይህ ንግግር አይደለም። ጩኸት ነው። አሁንም አኩርፌያለሁ።

የካቲት 6

ዘገየህ። ቀደምክ። ልክ። ዘገየህ። በየጠዋቱ በመስኮት የምለው ይህንን ነው። "ታረቃችሁ?" ትላለች ለይላ። የለም። አሠልጣኝ ነኝ።

ሞተሩ አሁንም ይጠፋበታል። ዓይኑን ሲከፍት በአፉ የሚያስጮኸው ሞተር ይቆማል፤ ሲጨፍን ይመለሳል። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ሁለቱን አብሮ ያዘ። ለይላ አጨበጨበች። እኔ አላጨበጨብኩም። እጄን በኩታዬ ውስጥ አድርጌ ነበር።

ደሜ ወርዷል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው ይላል።

የካቲት 22

ለወልዴ መናገር ነበረብኝ። ሻይ ስንጠጣ አወጣሁት።

"ለሪድዋን ባንዲራ ማየት እያስተማርኩት ነው።"

ሻዩን አማሰለ፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"በኛ ላይ?"

"በናንተ ላይ አይደለም። በግቢዬ ውስጥ።"

"የዋንጫው ቀን ግን ከኛ ጋር ነህ።"

"ከናንተ ጋር ነኝ።"

"ከኋላው ሄደህ አትመታም።"

"አልመታም።"

"ማል።"

ወልዴ አስምሎኝ አያውቅም። ደነገጥኩ። "ወላሂ" አልኩት። "መዳፌ ከፔጆዋ ሌላ ላሜራ አይነካም።" ራሱን ነቀነቀና ሻይ ጨመረልኝ።

መሐላ አይፈርስም። ባይማል ይሻላል፣ ከተማለ ግን አለቀ።

መጋቢት 11

ነገ ነው። ሪድዋን ግቢ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል። ደጄ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ይሄዳል። ምን ልበለው? መልካም ዕድል ካልኩት ወልዴን ከዳሁ። ዝም ካልኩት እሱን። ለይላ "አባ፣ ዝም ብለህ ሻይ ስጠው" አለች። ሰጠሁት። ቆሞ ጠጣውና ብርጭቆውን መለሰልኝ።

መጋቢት 12

ለይላ እየተቻኮለች ነው የምትጽፈው። ቀስ በይ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ዘላለም ቀድሞ ወጣ። ታኮውን ሳብኩ፣ አልመታሁም። ጥሩ ሰዓት ይዞ ገባ። ሰዉ "ሸዋ በር! ሸዋ በር!" አለ። ወልዴ አቀፈኝ፤ ግሪስ ግሪስ ሸተተኝ።

ከዚያ ቶዮታዋ መጣች። የሪድዋንን ማጅራት አየሁ፣ በስፔኪዮዋ ደግሞ ዓይኑን። ጨፈነ። ከፈተ። ጨፈነ። በቃ፣ ሊያንቀላፋ ነው አልኩ። ሞተሩ ጠፍቶበት ሊፈልገው ገብቷል... አይወጣም።

እጄ ሄደ። እግሬ ማለት ነበረብኝ፣ የቀደመው ግን እጄ ነው። ታኮውን ወልዴ እግር ሥር ጥዬ ወደ ቶዮታዋ። ምያለሁ፣ አውቃለሁ። "ቡሽሬ" ሲል ሰማሁት፣ ጮክ ብሎ አይደለም። አልዞርኩም። ከበደ መንገድ ለቀቀልኝ። ከኋላዋ ቆምኩ። ላሜራዋ እንደ ትኩሳታም ይርገበገባል። መዳፌን አነሳሁ። የባንዲራ ያዡን አንጓ አየሁ።

ላላ።

መታሁ።

አየር መታሁ! መኪናዋ የለችም። ሄዳለች! በጉልበቴ አፈር ላይ ወደቅሁ፤ አቧራዋ አፌን ሞላው። ሰዉ ይጮሃል። እኔ አፈር እየተፋሁ እስቃለሁ። ዓይኔም ያነባል። አቧራ ነው፣ ለይላ። አቧራ ብለሽ ጻፊ።

ወሰደ። ዘላለምን በጥቂት በልጦ ወሰደ።

ወልዴ መጥቶ አነሳኝ። ጉልበቴን አራገፈልኝ።

"የት ሄደህ ነበር?"

"ሽንቴን ልሸና።"

"እጅ አንስቶ?"

ታኮውን ግን አልሰጠኝም። በብብቱ ይዞት ሄደ።

ሪድዋን ከላይ ሲመለስ ሰው ተሸክሞት ነበር። አውርዱኝ ብሎ መጣ። አቧራ ለብሶ ጥርሱ ብቻ ነጭ ነው።

"በስፔኪዮ አየሁዎት" አለ።

"ካየኸኝ ለምን አልጠበቅከኝም?"

"ለጋሽ ወልዴ ምለዋል። ለይላ ነግራኛለች። መዳፍዎ ላሜራውን ከነካ መሐላዎ ፈረሰ።" እጄን ያዘና ገለበጠው፣ መዳፌን አየ። "አልነካም፣ አው ቡሽራ። ምንም አልነካም።"

ዓይኑን ሲከፍት ሞተር የሚጠፋበት ሰው! በአንድ ዓይኑ አንጓውን፣ በአንዱ እኔን እያየ... ሞተሩንም እየሰማ።

ወጪት ሰባሪ ብዬው ነበር። ወጪቴን ከመሰበር ያዳነልኝ እሱ ነው።

ለይላን አየኋት። ደብተር ምላስ አለው ለካ።

መጋቢት 13

ጋራዥ አልሄድኩም። አፍሬ? እኔ አላፍርም። ጉልበቴን አሞኝ ነው።

መጋቢት 16

ዛሬም አልሄድኩም። ጉልበቴ።

ከአስር ሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወልዴ ነው! ጨጓራውን ይዞ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በጀጎል ጠባብ መንገድ ሰው እየጠየቀ መጣ። ቤቴን ያውቀዋል፤ "ሰው የጠየቅሁት ወዳንተ መምጣቴን እንዲያዩልኝ ነው" አለ። በአንድ እጁ ፔርሙዝ፣ በብብቱ ታኮ።

መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳልኝ። በቤቴ ውስጥ የራሱን ሻይ!

"መሐላ ሊያፈርስ የሄደ ሰው ሻይ ይጠጣል?"

"አልነካሁም" አልኩት።

"አውቃለሁ። የመታኸው አየር ነው። አየር የማንም ቡድን አይደለም።" ጠጣ። "ልጄ ቢሆን እኔም እሄድ ነበር። ይህን ለማንም አትንገር።"

"ለማን እነግራለሁ?" አልኩ። ለይላ በመጋረጃው ጀርባ ሳቀች።

ታኮውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። አዲስ ገመድ አስሮበታል።

"ዘላለም በሚመጣው ዓመት ይምቱልኝ ብሏል።"

"ልቡ ይቆም የለም እንዴ?"

"ሲሸነፍ ጠነከረለት።"

መጋቢት 25

ነገ ሪድዋን አዲስ አበባ ይሄዳል። ከበደ ቶዮታዋን ራሷን ይዘህ ሂድ ብሎታል። ለይላም አብራው ትሄዳለች። አንድ ወር ይሁን ሁለት አያውቁትም። እስክሪብቶውን ማን ይይዝልኛል? ወልዴ እኔ እጽፍልሃለሁ አለ። የሱን ጽሑፍ ዘላለም አይቶት "ይሄ ዘይት የነካው ጉንዳን ነው" ብሏል። ይሁን።

ጠዋት ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ጀሪካኑ ባዶውን ተቀምጧል። ውኃ ልቅዳበት ብዬ አነሳሁትና መልሼ አስቀመጥኩት።

ማታ እራት አብረን በላን። ጨው ተፈቀደልኝ፣ ትንሽ። ሪድዋን እጁን ታጥቦ ሲመለስ አጠገቤ ተቀመጠ።

"አው ቡሽራ፣ አንድ ነገር ልለምን። ነገ ከሸዋ በር ስንነሳ ይምቱልኝ።"

"ምያለሁ።"

"አውቃለሁ። ጋሽ ወልዴን ይጠይቋቸዋ።"

እኔ ግን ወልዴን ቀድሜ ጠይቄው ነበር። ዛሬ ቀን። ሻዩን አማስሎ አማስሎ "ያ መሐላ ለውድድር ነው" አለኝ። "ይሄ መንገድ ነው። የመንገድ ሕግ ደግሞ ታውቀዋለህ... ረዳት ካልመታ መኪና አይነሳም። እኔም እመጣለሁ፣ ታኮውን እኔ እስባለሁ።" ቶዮታዋ ታኮ አያስፈልጋትም አልኩት። "ለኔ ያስፈልገኛል" አለ።

ለሪድዋን "እመታለሁ" አልኩት። "ዓይንህን ግን አትጨፍን፣ ሸዋ በር ሰው ይበዛል።"

ልጄ ለይላ፣ ገና አትዝጊው። ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢልኝ። ሪድዋንም ይቀመጥ፣ ይስማ። ከሃዲ ያልኩበት ጋ ስትደርሺ እንዳትዘልዪው። ጽፈሽው እንደሆነ ዛሬ እናያለን... ጮክ ብለሽ።